የጠራዡ ድምፅ

ጠራዡ በዕድሜው ሙሉ አንድ ቃል ብቻ ነበረው፤ እሱንም ሰምቶት አያውቅም።

ቃሉ የልጁ የቁልምጫ ስም ነው። እናቷ «ሚሚ» ስትላት የሚስቱን ከንፈር እያየ፣ መዳፉን ጉሮሮዋ ላይ አሳርፎ ንዝረቱን እየለካ፣ ስንት ቀን ታግሎ ታግሎ ከአፉ የወጣው «እሜ!» ሆነ። ወፍራም፣ ሻካራ፣ ከእንብርት የሚነሳ ድምፅ ነው። ከመንገዱ ጫፍ ሆኖ ሲጣራ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል፤ ጎረቤቶችም «ሂጂ እንጂ፣ አባትሽ ጥሩምባውን ነፋ!» እያሉ ይስቁባታል።

ልጅ ሳለች ታፍርበት ነበር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ «እሜ!» ሲል ልጆቹ እየተቀባበሉ ይኮርጁታል፤ እሷ ደግሞ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትመርጣለች። ሰው ግን ካደገ በኋላ የሚያፍርበት ነገር ይለወጣል። ሠላሳ ዓመት ሲሞላት፣ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ከውስጠኛው ክፍል «እሜ!» የሚል ካልሰማች ቤት የገባች አይመስላትም ነበር። ያን ቃል የሚናገር በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው፤ የሚጠራበትም አንድ ሰው ነው። የጣጣው ሁሉ መነሻ ይኸው ነው።

አባቷ ጆሮውን ያጣው አፉን ሳይፈታ፣ በአንድ ዓመቱ፣ በትኩሳት ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ማተሚያ ቤት ገባ። የቀጠረው ሰውዬ ደግ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ የወረቀት ማጠፊያው ማሽን ጩኸት ሁለት ጠራዦች ስላስኮበለለበት ነው። «ይሄ እንኳን በጩኸት አያማርርም» አለ ይባላል። እውነትም አላማረረም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ከዚያ ማሽን አጠገብ ቆመ። ገጽ ይሰበስባል፣ በክር ይሰፋል፣ ጀርባውን ማጣበቂያ ይቀባል፣ ሽፋን ያለብሳል። አንዲት ቅጠል ብትጎድል ሳይቆጥር በአውራ ጣቱ ያውቃታል። ማንበብ ግን አይችልም። እሱን የሚያስተምር ትምህርት ቤት በልጅነቱ አልነበረምና ከስሙና ከቁጥር በቀር ፊደል አልዘለቀውም። ይህን ያህል ሺህ መጽሐፍ በእጁ አልፎ አንዱም አላናገረውም።

የክፍሉ አለቃነት ቦታ ሦስት ጊዜ ተከፍቶ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ እሱ ያሠለጠናቸው ልጆች ያዙት። ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «አለቃ ከሆነ ስልክ ማን ያነሳል?» ስልኩ በሳምንት ሁለቴ ቢጮኽ ነው፤ እሱም ለምሳ ሰዓት ወሬ። የሥራ ባልደረቦቹ «ጋሽ ጭጭ» ይሉታል፤ ሲያልፍ እያዩት «ዝም አይነቅዝም» እያሉ ይሳሳቃሉ፤ እሱም የሚስቅለትን ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ሰላም ይላል።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። አፍና ጆሮው እሷ ነበረችና። አምስት ዓመቷ ላይ ከቤት አከራይ ጋር ተደራድራለች። ስምንት ዓመቷ ላይ መምህሯ አባቷን አስጠርታ «ልጅዎ ወሬኛ ናት፣ ክፍል ትረብሻለች» ስትል፣ እሷ በእጇ «ጎበዝ ናት፣ በርቺ በሏት» ብላ ተረጎመችለት። ጠራዡ ደስ ብሎት መምህሯን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ መምህሯም ግራ ገብቷት እጅ ነሳች። ያን ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ ከረሜላ ገዛላት።

አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ ግን ጨዋታው አበቃ። እናቷ ታማ ሆስፒታል በገባች በአምስተኛው ቀን አንዲት ነርስ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ግራ ቀኝ አየች። የምታናግረው አዋቂ ፈልጋ ነበር፤ ያለው ጠራዡ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለችና «የኔ ቆንጆ፣ እናትሽ አርፋለች። ለአባትሽ ንገሪው» ብላት ተመልሳ ገባች። ልጅቷም ነገረችው። ነገሩ ለራሷ ገና ሳይገባት፣ በእነዚያ ትንንሽ እጆቿ አንድ በአንድ፣ ምንም ሳታስቀር ነገረችው። ጠራዡ የዚያን ቀን ያወጣው ድምፅ ኮሪደሩ ላይ የነበረውን ሰው ሁሉ ከወንበሩ አስነሳው። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ ብላ አሰበች፤ ሁለተኛ ክፉ ነገር በእኔ እጅ አይደርሰውም ብላም ማለች።

ከዚያ ወዲያ ማሳጠር ጀመረች። ዘመድ ተሰብስቦ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጨቃጨቅ ቆይቶ «ምን አሉ?» ሲላት፣ «ምንም፣ ስለ ዝናቡ ነው» ትለዋለች። አንዳንዴም «ኋላ እነግርሃለሁ» ትለዋለች፤ ያ ኋላ መጥቶ አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሱ ጆሮ ደግሞ የገዛ ልጁ ነበረች። እሱም ሞኝ አልነበረም። የሰዎቹ አፍ ሃያ ጊዜ ሲንቀሳቀስ የእሷ እጅ ሁለቴ ብቻ እንደሚንቀሳቀስ ያያል። ግን ልጁ ናት፤ የልጅን እጅ የማያምን የማንን ያምናል?

ሃምሳ ስድስት ዓመት ሲሞላው ድምፁ ተቀየረ። መቀየሩን እሱ በምን ያውቃል? ያወቀችው እሷ ናት። በውሃ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጣ፣ ቧንቧዬ ደረቀ፣ ቆጣሪዬ ዘለለ እያለ የሚጮኽባትን ሕዝብ ስታስተናግድ ውላ ማታ ስትገባ፣ «እሜ»ው ሰለል ብሎ ጠበቃት። ጉንፋን ነው አለች። በሳምንቱ ባሰ፤ በወሩ ሲውጥ ፊቱን መቋጠር ጀመረ። ሆስፒታል ወሰደችው። በአፉ መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብተው አዩ፣ ናሙና ወሰዱ፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ አሏቸው። በሁለት ሳምንት ተመለሱ።

ሐኪሙ እጁ የተመሰከረለት ነው። ክፉ ሰውም አልነበረም። ጠራዡን ጨብጦ፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠው፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድም ጊዜ አላየውም። ፊቱን ወደ ልጅቷ አዞረ።

«ማንቁርታቸው ላይ ነው። ካንሰር ነው» አላት። «ደግነቱ በጊዜ መጥታችኋል፤ የትም አልሄደም። አሁን ማንቁርቱን በቀዶ ሕክምና ብናወጣው ብዙ ዓመት የመኖር ዕድል አላቸው። ግን...» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከማን እንደሚደብቅ እንጃ። «ድምፃቸውን ሙሉ በሙሉ ያጣሉ። የሚተነፍሱትም አንገታቸው ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው። ከባድ ነው፤ ሰው ይሄን ሲሰማ ይደነግጣል።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«ጨረር አለ። ድምፃቸው ሊተርፍ ይችላል። ዕጢው ተለቅ ስላለ ግን እኔ እንደ ቀዶ ሕክምናው አልተማመንበትም፤ ወረፋውም ረጅም ነው። ተመካከሩና በሁለት ሳምንት ውስጥ አሳውቂኝ።»

ተመካከሩ አለ እንጂ ከማን ጋር አላለም። ጠራዡ የሐኪሙን አፍ ሲከታተል ቆይቶ ወደ ልጁ ዞረ። «ምን አለ?»

ልጅቷ እጇን አነሳች። ኮሪደሩ ታወሳት፤ ያ ግድግዳ ታወሳት። «ጉሮሮህ ውስጥ ቁስል አለ። በጨረር ይታከማል።»

«ብዙ ነው እኮ የተናገረው።»

«ሐኪም ወሬ ይወዳል።»

ጠራዡ ሳቀ። ሲነሳ ሐኪሙን በሁለት እጁ ጨብጦ አመሰገነው።

የዚያ ሳምንት እሑድ ልጅቷ የነገረቻቸው ዘመዶች ቤት ተሰበሰቡ። የጠራዡ ታላቅ ወንድም፣ ልጅቷ ጋሼ የምትለው፣ ከበሩ ጀምሮ እንባ እየተናነቀው ነው የገባው። አክስቷም ነጠላዋን አገጯ ድረስ ተከናንባ መጣች። ጠራዡ እንግዳ በመምጣቱ ደስ ብሎት ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፤ መካከላቸው ተቀመጠ፤ ሻይ ቀረበለት።

«ድሮ ጆሮውን፣ አሁን ደግሞ ድምፁን? ታዲያ ምን ቀረው!» አለ ጋሼ።

«አንገቱ ላይ ቀዳዳ ይዞ ሰው ፊት ሊወጣ ነው?» አለች አክስት። «እኔ ይሄን ከማይ ዓይኔ ይጥፋ!»

«ለእሱስ ልንገረው ወይስ አልንገረው ትላላችሁ?» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

«ምን ነካሽ! ለበሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ቢላዋ ሳይነካው ትገድዪዋለሽ!»

አንድ ሰዓት ሙሉ በጉሮሮው ላይ ተሟገቱ፤ የጉሮሮው ባለቤት ሁለተኛ ሻይ ተቀዳለት። የሁሉም ዓይን አንገቱ ላይ መሆኑን አይቶ ኮሌታው የቆሸሸ መሰለው፤ በእጁ አራገፈው፣ ዙሪያውን ጠረገው። «ለቀቀ?» ብሎ ልጁን ጠየቃት። «ለቀቀ» አለችው።

ሰው ሊፈርድባት ይችላል፤ ይፍረድባት። ለጋሼ ብላ አልወሰነችም፤ የጋሼ እንባ ምክንያት ሆናት እንጂ እሷ ቀድማ ጨርሳ ነበር። ጫማዋን አውልቃ ስትገባ ማንም የማይጠራት ቤት ታያት፤ አልቻለችም። ለራሷ ግን እንዲህ አላለችም። ለራሷ ያለችው «አባዬ ያለችው አንዲት ቃል ናት፣ እሷን አልነጥቀውም» ነው። የቃሏ ባለቤት ማን እንደሆነ ያን ጊዜ አልመረመረችም። ማክሰኞ ዕለት ለሐኪሙ ደውላ «ቤተሰቡ ጨረሩን መርጧል» አለችው። «እሺ፣ ቤተሰቡ ካለ» አለ ሐኪሙ፤ ካርዱ ላይ ጻፈው።

ወረፋው አራት ወር ነው ተባለ። በሦስተኛው ወር ማሽኑ ተበላሸ፤ ዕቃው እስኪመጣ ሌላ አራት ወር ታከለ። ጠራዡ ሥራውን አላቋረጠም። ቀበቶው ላይ በመስፊያው አዲስ ቀዳዳ በሳ፤ ቆይቶ ሌላ በሳ። ምግብ ሲውጥ ያመዋል፤ ሲያመው ይስቃል፤ «ጨረሩ ሲመጣ ይለቀኛል» ይላታል። «እሜ»ውም ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ ሄደ። ልጅቷ ግን አለ እስካለ ድረስ ትጽናናበት ነበር። ሳስቶም ቢሆን ማታ ማታ ይጠራታል።

በስንት መከራ ጨረሩ ተጀመረ። መጠበቂያው ረጅም ኮሪደር ነው፤ ተራ የሚጠራው በድምፅ ማጉያ ስለሆነ ጠራዡ ብቻውን ቢመጣ ሲጠብቅ ሊያመሽ ነው። ስለዚህ እሷ ከሥራዋ እየቀረች አጠገቡ ትቀመጣለች። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሁለት ጊዜ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጣት። በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት፣ ወረቀት ማኅተም ልታስመታ ወደ መዝገብ ቤት ሄዳ ስትመለስ አባቷ ብቻውን አልነበረም።

አጠገቡ አንገቱን በስስ ሻርፕ የሸፈነ፣ ትከሻው ሰፊ የሆነ ሰውዬ ተቀምጧል። ሁለቱም በእጅ ያወራሉ። ሰውዬው የምልክት ቋንቋ አያውቅም፤ እንደ ነገሩ ነው የሚያወናጭፈው። መሪ ይጨብጣል፣ ማርሽ ያስገባል፣ መላ ሰውነቱ እስኪነቃነቅ ጥሩምባ ያስነፋል። የከባድ መኪና ሹፌር ነበርኩ ማለቱ ነው። ጠራዡ በሳቅ ፈርሶ የሹፌሩን እጅ ይዞ ያርመዋል፤ መኪና እንዲህ ነው እንጂ እንዲያ አይባልም፣ እንዲያማ ካልከው በሬ ይሆንብሃል እያለ።

ልጅቷ ደስ ሊላት ነበር። ሹፌሩ ሻርፑን ዝቅ አደረገው።

አንገቱ ላይ፣ ከደረቱ አጥንት ከፍ ብሎ፣ ዙሪያው የዳነ ክብ ቀዳዳ አለ። ሹፌሩ በጣቱ አንገቱን ጠረብ አደረገ፤ ከውስጥ አንዳች ነገር በሁለት ጣት ቆንጥጦ አወጣና ወደ ኋላው ወረወረ። አፉን ከፍቶ እጁን አወዛወዘ፤ ድምፅ የለም ማለቱ ነው። ከዚያ አምስት ጣቱን ዘረጋ፤ ዓመታቱን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ደረቱን በቡጢ መታና ጡንቻውን አሳየ። ለዓመት ምርመራ መጥቶ ነው እንጂ አይታመምም።

የጠራዡ ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ። የሹፌሩን ቀዳዳ አየ፤ የራሱን ጉሮሮ ነካ፤ እዚህ ጋ? ብሎ ጠየቀ። ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ጠራዡ ቀና ሲል ልጁ ኮሪደሩ መካከል ቆማለች።

«ይሄ ሰውዬ በሽታው እንደኔ ነው» አላት። «ቆርጠው አወጡለት። አምስት ዓመት ኖረ። እኔን ለምን አልጠየቁኝም?»

«የእሱ ሌላ ነው፣ አባዬ።»

ሰው ሲዋሽ ዓይኑን ተመልከት ይባላል፤ ጠራዡ የሚመለከተው እጅ ነው። የልጁ እጅ ምልክቱን ሳይጨርስ ወረደ። ብዙ አየው። ከዚያ ተነስቶ፣ ተራውም ሳይጠራ፣ ሳያንኳኳም፣ የሐኪሙን በር ከፍቶ ገባ። ልጅቷ ተከተለችው።

«ምን ፈልገው ነው?» አለ ሐኪሙ፤ ለእሷ።

«ቀዶ ሕክምናውን ለምን አልሠራችሁልኝም ይላሉ።»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «ተነጋግረንበት የለም እንዴ? ቤተሰቡ ጨረር መርጧል ብለሽ ደወልሽልኝ።»

«እሳቸው አያውቁም ነበር።»

«እንዴት አያውቁም? እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር እኮ!»

በእርግጥም ተቀምጦ ነበር፤ ወንበሩ የሰማውን ያህልም ሰምቷል።

ሐኪሙ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ያለፈውን ሳምንት ምስል አወጣ። ምስሉን እያየ ድምፁ ለዘብ አለ። «አሁን አልፏል» አለ። «ሳንባቸው ላይ ደርሷል። አሁን ማንቁርቱን ብናወጣው አያድናቸውም፤ ማሰቃየት ነው። ጨረሩም ሕመሙን ለማስታገስ ያህል ነው። ስድስት ወር ቢሆን ነው፤ ሊያንስም ይችላል። አንቺ እንግዲህ... እንዳመቸሽ አድርገሽ ንገሪያቸው።»

ልጅቷ እጇን አነሳች፤ እጇ አየር ላይ ቀረ። ጠራዡ ሁለቱንም እጆቿን ያዘ። እነዚያ ገጽ ሳይቆጥሩ የሚያውቁ ጣቶች ጥብቅ አድርገው ያዟትና ለቀቋት። «ሁሉንም» አላት። «አንድም ቅጠል አታጉድዪ።»

ነገረችው። ሳንባውን፣ ማለፉን፣ ስድስቱን ወር፣ ሊያንስም መቻሉን። ሐኪሙ «እንዳመቸሽ» ማለቱን እንኳ አላስቀረችም።

«ገባቸው?» አለ ሐኪሙ።

«እሳቸውን ይጠይቋቸው» አለች።

ሐኪሙ ዞረ። ከስምንት ወር በኋላ የበሽተኛውን ፊት ያን ጊዜ አየ፤ እጁን በምን ላይ እንደሚያኖረው ጠፋው። ጠራዡ ራሱን ነቀነቀለትና ወጣ።

ከሆስፒታሉ በር ውጭ ያለ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። «መቼ ነው ሐኪሙ የነገረሽ?» አላት። ነገረችው። በጣቱ ቆጠረ፤ የአንድ እጅ ጣት አልበቃውም። «ለምን?»

«ድምፅህን ታጣለህ አለኝ።»

አልገባውም። ምልክቱን የተሳሳተች መስሎት ደግሞ ጠየቃት። ደገመችለት።

«ድምፄን? ምን ያደርግልኛል? እኔ እኮ ሰምቼው አላውቅም።»

«እኔ እሰማዋለሁ» አለችው፤ እንባዋ አገጯ ላይ ወርዶ። «እኔ ነኝ የምሰማው።»

አውቶቡስ ቆመ፣ ሰው አወረደ፣ ሄደ። «በእጄ እጠራሽ ነበር» አላት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ልጅቷ የዚያን ዕለት ያላለቀሰችው፣ ያልለመነችው የለም። መስማት የተሳነው ሰው ሲቀየም ግን ጆሮውን መድፈን አያስፈልገውም፤ ዓይኑን ይጨፍናል። እጇን ባነሳች ቁጥር ይጨፍናል። ምግብ ስታቀርብለት ይበላል፤ ልታወራው ስትል ይጨፍናል። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ኖሩ። አንድ ቤት ውስጥ ሆነው፣ ሌላው ሰው ሁሉ ከሚናገረው ቋንቋ በፊት የተማረችው ያ የእጅ ቋንቋ ተዘጋባት። በእነዚያ ቀናት «እሜ» ብሎም አልጠራትም። ያን ሁሉ ዋጋ ያስከፈለውን ድምፅ አፉ ውስጥ አስቀርቶ ቀጣት፤ እንደሚቀጣት ግን አያውቅም ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከማተሚያ ቤት የመጣ ደብዳቤ ይዞ ፊቷ ቆመና ዓይኑን ሳይጨፍን «ምን ይላል?» አላት። ጡረታ እንዲወጣ ነው የሚለው፤ በደረቁ፣ ምስጋናም የለበት። ምንም ሳትጨምር፣ ምንም ሳትቀንስ ነገረችው። «ደረቅ ነው» አለ። «ደረቅ ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ የመጣውን ሁሉ እንዳለ ትነግረው ጀመር። ጋሼ ሊጠይቅ መጥቶ ከበሩ ላይ «ወይኔ፣ አልቋል እኮ!» ሲል ዞር ብላ «አልቋል አለ» ትለዋለች፤ ጋሼ በድንጋጤ ክው ይላል፤ ጠራዡ ለወንድሙ ቀበቶውን እያሳየ «እውነቱን ነው» ይላል። ይቅር አልኩሽ ብሎ ግን አልተናገረም። እሷም አልጠየቀችውም።

በአራተኛው ወር አልጋ ያዘ። እሷም ሥራዋን ተወች፤ ሦስተኛው ደብዳቤ ከመምጣቱ በፊት። መጥራቱን መልሶ ጀምሮ ነበር። ድምፁ አሁን ከሹክሹክታ የሚቆጠር ነው፤ ቢሆንም ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ይሰማል። ውሃ ሲፈልግ «እሜ»፣ ትራስ ሲከብደው «እሜ»፣ አንዳንዴም ለምንም አይደለም። የትም ብትሆን ጆሮዋ እዚያ ነው፤ ሌሊትም ጆሮዋ ተከፍቶ ነው የምትተኛው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ አንሶላውን ታጥብ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ ጆሮዋ ወደ ውስጥ ነው። ፀጥ ብሏል። ተኝቷል አለች፤ ዛሬስ እንቅልፍ ወሰደው ብላ ደስ አላት። ሁለተኛውን አንሶላ ጨመረች። ጨምቃ ልታሰጣ ስትነሳ ግን ፀጥታው በዛባት፤ እስቲ ልየው ብላ ገባች።

ጠራዡ ተኝቶ አልነበረም። በክንዱ ተደግፎ ግማሽ አካሉን ከአልጋው አንስቷል። የውሃ ብርጭቆው መሬት ላይ ተሰብሯል፤ የብርጭቆው ድምፅም በውሃው መንቦጫረቅ ውስጥ አልፏት ነበር። ፊቱ በላብ ተጠምቋል፤ የአንገቱ ሥር ተገትሯል፤ አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይከፈታል። እየጠራት ነው። ከአፉ ግን ትንፋሽ እንጂ ሌላ አይወጣም። ከመቼ ጀምሮ እንደሚጣራ እግዜር ይወቅ።

ሲያያት እጁ በቁጣ ተወራጨ። «ስጠራሽ፣ ስጠራሽ! ተቀየምሽ እንዴ? እኔ እንዳደረግኩሽ ልታደርጊኝ ነው?»

ውሸቱ እጇ ላይ መጣ። ልብስ እያጠብኩ ነበር፣ አሸልቦኝ ነበር፣ አሁን ልመጣ ስል ነው። አንዱም ቢሆን ይበቃ ነበር፤ እሱም ያምናት ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ድምፅህ ሄዷል፣ አባዬ» አለችው። «አልሰማሁህም።»

ጠራዡ አያት። መዳፉን ጉሮሮው ላይ አሳረፈና አፉን ከፍቶ እንደገና ጠራት። ጠበቀ። መዳፉ ሥር ምንም አልተንቀሳቀሰም። ሌላ ጊዜ ሞከረ፤ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ እጁን አወረደ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጠዋት ነበረ። ከዚያ ወዲህ አላውቅም።»

«አሁን ብሞት ኖሮ ስጠራሽ አትሰሚም ነበር።»

«አልሰማም ነበር» አለችው፤ አላሳጠረችውም።

ጠራዡ ትራሱ ላይ ተመለሰና ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል ትንሽ አረፈ። ቁጣው ወጥቶለት ነበር። በስተመጨረሻ አንድ እጁን አነሳ፤ ሌላኛውን ለማንሳት አቅም አልነበረውም።

«ወንበርሽን ወደዚህ አምጪ» አላት። «የማይሽ ቦታ ሁኚ።»

ልጅቷ እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠራርጋ ስብርባሪውን በእግሯ ገፋ አደረገችና ወንበሩን ከአልጋው ፊት ለፊት አስቀመጠች። አንሶላው ውጭ ባልዲው ውስጥ እንዳለ ቀረ።